ላምባ ላምባ የሚል ውሃ

ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ፣ በሁለት እጅ ተይዞ የቀረበላችሁን አንድ ኩባያ ውሃ «አልጠጣም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሳይጠማችሁ ማለቴ አይደለም። ጉሮሯችሁ ደርቆ፣ ውሃውም ኩልል ብሎ እየታያችሁ፣ ያቀረቡላችሁ እናት ደግሞ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ ፊታችሁ ቆመው ማለቴ ነው። እኔ አንድ ቅዳሜ እንዲህ ብያለሁ። የዚያን ቅዳሜና የማግስቱን እሑድ ነገር ላጫውታችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጠመኔዎቼን በየቀለማቸው ለይቼ አስቀምጣለሁ። ሰው «እንዴት አደርክ» ሲለኝ ጤዛ ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት ይዳዳኛል። አከራዬ እትዬ አስካለ፣ «አንተ ልጅ፣ ሚስት ያገባህ ዕለት ስለ ሳንባ እያስረዳሃት ነው የምታነጋው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የምኖርበት ሰፈር ተዳፋት ላይ ነው። ቦኖው አንድ ቀን ውሃ ቢመጣ ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከተዳፋቱ ወገብ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ከምትወጣ ምንጭ ነበር። ከምንጯ በታች፣ ወደ ወንዙ ሳይደረስ፣ ሰፊ ደረቅ ሜዳ አለ። ከምንጯ በላይ ደግሞ በቀበሌው ዘመቻ የተቆፈረ የሕዝብ ሽንት ቤት አለ።

«ለምን ከላይ ተቆፈረ?» ብዬ እትዬ አስካለን ጠይቄያቸው ነበር። ሽንት ቤቱ የተሠራው እኔ ወደ ሰፈሩ ከመምጣቴ በፊት ነው።

«ታችማ የዕድሩ ሜዳ ነዋ!» አሉኝ። «ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከልበት። ቀበሌ መጀመሪያ እዚያ ሊቆፍር ነበር። ጋሽ ሰይፉ በስብሰባው መሃል ተነሥተው ‹ሙታናችንን በምናለቅስበት መሬት ላይ ሽንት ቤት? እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም!› አሉ። ሰው አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም የሕዝብ ድምፅ ነው ብሎ ወደ ላይ ወሰደው።»

ጋሽ ሰይፉ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ጡረታ የወጡ ወታደር ሲሆኑ፣ ሰፈሩ ከሊቀመንበሩ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። ያን ውሳኔ ያሳለፉት ለሙት ክብር ብለው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም።

በሰኔ መጀመሪያ ክረምቱ ቀደም ብሎ ገባ። በዚያ ሳምንት ክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበር በዛ። «ሆዱን አሞት ነው»፣ «ሆዷን አሟት ነው» ይሉኛል። ሐሙስ ዕለት የሺም ቀረች። የሺ ፊት ለፊት የምትቀመጥ፣ አስረድቼ ስጨርስ እጇን አውጥታ «እሱስ ለምን?» የምትል ልጅ ነበረች። እናቷ እትዬ ዘነበች ከሰዓት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ተማሪዬ ናቸው። እናትና ልጅ ማታ ማታ አንድ ደብተር ላይ ተደፍተው ፊደል ሲጽፉ በመስኮታቸው በኩል ሳልፍ አያቸው ነበር።

አርብ ገና ሳይነጋ የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው የጠራው ስም የየሺ ነበር።

ቀራንዮ ቀብረናት ስንመለስ ከፊቴ የሚሄደው ወልዴ ነበር። ወልዴ ኮልፌ ገበያ ጆንያና ገመድ የሚሸጥ፣ ጓሮው እንሰት የተከለ፣ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«የእኔም ሁለቱ ተኝተዋል» አለ ለጎረቤቱ። «ውሃ እንኳ አልረጋላቸውም።»

«ብርዱ ነው» አለው ጎረቤቱ። «ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርጋል።»

እኔ ግን በሐሳቤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣልኩ ነበር። ከላይ ሽንት ቤት፣ ከመሃል የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ከታች ምንጭ። ጥሩ አፈር እንደ ወንፊት ነው፤ ቆሻሻን ይዞ ውሃውን ያሳልፋል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን እንደ ቧንቧ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ያወርዳል። ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ማሠልጠኛ ሳለን አንድ መምህራችን፣ «ሽንት ቤትና ምንጭ መገናኘታቸውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ሽንት ቤቱ ውስጥ ላምባ ጨምሩ። ምንጩ ላምባ ላምባ ካለ ተገናኝተዋል» ብለውን ነበር።

መብራት ሲጠፋ ለኩራዜ የማስቀምጠው ላምባ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሳለ፣ ወደ ላይ ወጥቼ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ገለበጥኩት። ያን ሌሊት ሲዘንብ አደረ።

ቅዳሜ ማለዳ በቀጥታ ወደ ምንጯ ወረድኩ። በእፍኜ ዝቄ አሸተትኩ፤ ምንም የለም። እንደገና አሸተትኩ፤ ምንም። ትንሽ አፈርኩ፣ በጣም ግን ደስ አለኝ። «ብርዱ ይሆናል» ብዬ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ በዕድሩ አግዳሚዎች ላይ ተደርድረዋል። ሴቶቹ ከወዲያ በኩል እትዬ ዘነበችን ከበው ተቀምጠዋል። መግቢያው ላይ የዕድሩ ሁለት በርሜሎች ቆመዋል። ልጃገረዶች ከምንጯ እየተመላለሱ ይሞሏቸዋል፤ ሐዘንተኛ በመጣ ቁጥር ውሃ ይቀርብለታል። ረፈድ ሲል የገጠር ዘመዶች ከሩቅ ተጉዘው ስለሚደርሱ በርሜሎቹ እስከ አፋቸው ይሞሉ ዘንድ ጋሽ ሰይፉ አዘዙ።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ አስካለ ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። «እንካ ልጄ፣ ከንፈርህ ደርቋል።»

ወደ አፌ አስጠጋሁትና ቀጥ አልኩ። ላምባ። ለካ ምንጯ ላይ የደረሰው እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

አጠገቤ የነበረው ወልዴ ጠጥቶ ፊቱን አጨፈገገ። «ኧረ ይሄ ነገር ክብሪት ብጭር አፌ ይያያዛል!»

«ዛሬም ላምባ ላምባ ይላል?» አለ ከኋላችን የተቀመጠ አንዱ።

«በርሜሉ ነዋ!» አለው ወልዴ። «የዕድራችን በርሜል ነዳጅ ይዞ ነው ያደገው። ጡረታ ወጥቶም ልማዱን አልተወም።»

ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እውነቱን ነው፤ በርሜሎቹ ዱሮ የነዳጅ በርሜሎች ነበሩ። አዲስ በተገዙ ሰሞን እንዲህ ይሸቱ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ጋሽ ሰይፉ ከቦታቸው ሆነው «ልጆች! ይህን ድፉትና በርሜሉን አጥባችሁ እንደገና ሙሉት» አሉ። ልጃገረዶቹ በርሜሉን በምንጯ ውሃ አጥበው፣ በምንጯ ውሃ መልሰው ሊሞሉት ነው።

ኩባያው እጄ ላይ ነው። እትዬ አስካለ አሁንም ፊቴ ቆመዋል።

«ጠጣ እንጂ። ሽታው አይገድልህም።»

«አልጠጣም፣ እትዬ አስካለ።»

«ምነው? የሐዘን ቤት ውሃ ተጠየፍክ?»

ጎረቤቶቻችን ዞር ዞር ብለው አዩኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን በሰዎቹ መሃል የእትዬ ዘነበች ፊት ታየኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ውሃው እንዲህ ሆነ ብዬ ብናገር ለድንኳኑ ሁሉ የምናገረው ስለ ምንጭ ነው። ለእሳቸው ግን የምናገረው ሌላ ነው። ያን ውሃ ከምንጯ ቀድተው፣ ተሸክመው፣ ለየሺ በእጃቸው ያጠጧት እሳቸው ናቸው። ዝም ብል ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ይጠጣዋል።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት የየሺን ታናሽ ወንድም፣ ገና እግር የተከለውን ምትኩን፣ ታቅፋ ኩባያ ወደ አፉ ስታስጠጋ አየሁ።

«አታጠጪው!» ብዬ ጮህኩ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ኩባያውን ከልጁ አፍ አራቀችው።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ጋሽ ሰይፉ። «በለቅሶ ላይ ይጮሃል?»

«ሽታው ከበርሜሉ አይደለም፣ ጋሼ። ከምንጩ ነው። ውሃው ታሟል።»

ቀበሌውን ወክሎ ሊያጽናና የመጣው ሊቀመንበሩ ጓድ ታደሰ ከፊት ወንበር ተነሣ። ሽጉጡን ታጥቋል። «መምህር፣ አፍህን ሰብስብ። ሕዝብ ማሸበር ምን እንደሚባል ታውቃለህ። በርሜሉ ነው ተብሏል፤ በርሜሉ ነው።»

«በርሜሉ ነው» አለ ወልዴም፤ ግን ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም። የታመሙት ልጆቹ ትዝ ብለውት ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሃል ደክሞ የደቀቀ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ዘነበች ነበሩ። «እንስራዬን አምጡልኝ» አሉ።

ጓዳቸው ውስጥ እንስራ አለ። ጎረቤቶች ያን ጠዋት ለቤቱ ውሃ ቀድተውበታል። አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡላቸው። እትዬ ዘነበች አፍንጫቸውን ወደ እንስራው አፍ አስጠግተው ሳቡ። ከዚያ ቀና ብለው ጋሽ ሰይፉን አዩአቸው።

«ይህ እንስራ የእናቴ ነው። ከውሃ በቀር ሌላ አያውቅም። እሱም ላምባ ላምባ ይላል።»

ጓድ ታደሰ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው አንድ ሰው ምንጩን መርዞታል» አለ። «ላምባ የጨመረ አለ። አንተ ከማንም በፊት እንዴት አወቅክ?»

ከእሱ ጋር የመጡት አብዮት ጥበቃዎች ከድንኳኑ ደጅ ጠጋ ጠጋ አሉ። በዚያ ዘመን የሕዝብ ውሃ መርዟል የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለማናችንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

«ላምባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ምንጩ ውስጥ ግን አይደለም። ትናንት ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው የጨመርኩት።»

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ኩባያ አየ። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። እትዬ አስካለ ከእጄ ኩባያውን ተቀብለው ደጅ ደፉትና እዚያው ተቀመጡ።

ጓድ ታደሰ ግን አብዮት ጥበቃዎቹን ጠራ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ።

የመፈክር ቀለምና ባዶ የስንዴ ጆንያ የሞላበት ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ከሰዓት በኋላ ጓድ ታደሰ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ሽንት ቤቱ የአብዮቱ ፍሬ ነው። ሕዝብ በጉልበቱ የቆፈረው። አንተ አብዮቱ ልጅ ገደለ ነው የምትለኝ?»

«የመሬቱን ጠባይ ነው የምልዎት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ስለ መሬት እኔን አታስተምረኝ!» አለና ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አለ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ቢያፈሉትስ?» አለኝ። «ቢፈላ ይጠጣል?»

«ሕፃናት ካሉ አፍልተው ያጠጡ» አልኩት። ጓድ ታደሰም ቤቱ ሕፃን እንዳለ አውቅ ነበር። በሩን ዘግቶ ሄደ።

እሑድ ረፋድ ላይ ከቢሮው በኩል የጓድ ታደሰ ድምፅ ሲደነግጥ ሰማሁ። «እትዬ ዘነበች! ሳልስትዎ ሳይወጣ ከቤት ይወጣል?»

ጠባቂው ሊያይ በሩን ሲከፍት እኔም አየሁ። እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንስራውን አዝለው ቆመዋል። ሐዘንተኛ እናት ሳልስት ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት መውጣቷ በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። ከኋላቸው ጋሽ ሰይፉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ወልዴም አለ።

እንስራውን አውርደው በኩባያ ቀዱና ጠረጴዛው ላይ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ አስቀመጡት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይጠጡልኝ።»

«እትዬ ዘነበች፣ ሐዘን ላይ ነዎት፣ ይረጋጉ...»

«ልጄ ጠጥታዋለች። እርስዎም ይጠጡልኝ። ከጠጡ ይህ መምህር ዋሽቷልና እሰሩት፤ እኔም አመሰግናለሁ። ዋሽቷል ብትሉኝ ለእኔ ይሻለኛል።»

ጓድ ታደሰ ኩባያውን አነሣ። ወደ አፉ ወሰደው፣ ሽታው ሲደርሰው እጁ ቆመ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲያው ልቀቁልኝ» አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሽ ሰይፉ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ድምፃቸው የወታደር ድምፅ አልነበረም። «ሜዳውን ዕድሩ ለቋል። ሽንት ቤቱ ወደ ታች፣ ከምንጩ በታች ይውረድ። ድንኳን መትከያ አናጣም። እኔ ነበርኩ ያስከለከልኩት፤ አሁንም እኔ ነኝ የምሰጠው።»

ጓድ ታደሰ ለጠባቂው በእጁ ምልክት ሰጠው። ወጣሁ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ እንስራውን ከእትዬ ዘነበች ተቀብዬ ተሸከምኩ። ጋሽ ሰይፉና ወልዴ ከፊት ቀድመዋል። እየጠበበ በሚሄደው መንገድ ላይ ስንደርስ፣ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«መምህር፣ እኔ ነኝ ያጠጣኋት?»

«ውሃው ነው፣ እትዬ ዘነበች። እርስዎ ምን ያውቃሉ?»

ትንሽ ተራመዱ። «ውሃው እግር የለውም» አሉ።

ስለ ድንጋይ ስንጥቅ፣ ስለ ዝናብ፣ በዓይን ስለማይታዩ ተዋሕስያን የማውቀው ሁሉ በውስጤ ነበር። አንዱም ለዚያ ጥያቄ አልሆነም። እንስራውን ቤታቸው ደጅ አወረድኩላቸው።

የዚያን ሳምንት የላዩን ጉድጓድ ኖራና አመድ ሞልተን በአፈር ደፈንነው። በዕድሩ ሜዳ ላይ ደግሞ፣ ውሃ በማያቁርበት ከፍታ፣ ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ቆፈርን። ጥልቅ አይደሉም፤ ውሃ ወዳለበት እንዳይደርሱ ሆን ብለን አሳጠርናቸው። የምንጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው። የተጠቀመ ሰው ሁሉ ከበሩ ጎን ካለው ጣሳ አንድ እፍኝ አመድ ይበትናል። አመድ ያደርቃል፣ ሽታ ያጠፋል፣ ዝንብ ያባርራል። አንዱ ሲሞላ ይዘጋና ወደ ሁለተኛው ይዞራል። የተዘጋው ከዓመት በላይ ሲቆይ ሽታ የሌለው ጥቁር አፈር ይሆናል። ያ ጉድጓድ መጀመሪያ ሲከፈት ወልዴ አፍንጫውን ይዞ መጣ፣ አሸተተ፣ ከዚያ ጆንያ ይዞ ተመለሰ። «ጎረቤቶቼን ሁሉ እንሰቴ ሥር ልቀብራቸው ነው» ብሎ ከዚያ ክረምት ሐዘን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈሩን አሳቀ። ከተኙት ሁለት ልጆቹ አንዷ አልዳነችም ነበር።

ሁለቱን በርሜሎች ደግሞ በእሳት አቃጥለን ሽታቸውን ካጠፋን በኋላ ከታች ጠጠር፣ ከላይ የታጠበ አሸዋ ሞላናቸው። ውሃው ከላይ ይገባል፣ በአሸዋው ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከታች ይጠራል። ሞተር የለው፣ መብራት አይጠይቅ። የሚሠራው የውሃው ክብደት ብቻ ነው። የሚጠጣውን ግን አሁንም እናፈላዋለን።

የአመዱን ጣሳ የሚሞሉት እትዬ ዘነበች ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። አንድ ቀን ጣሳው ባዶ ሆኖ ካገኙት ቤት ለቤት እየዞሩ አመድ ይሰበስባሉ። ከምንጯ ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቀድተው አያውቁም፤ ሌላ ሰው ይቀዳላቸዋል። መሠረተ ትምህርትም አልተመለሱም። በዚያ ድንኳን ውስጥ የተናገርኩት ብዙ ሰው አድኗል ይሉኛል የሰፈሩ ሰዎች። በእትዬ ዘነበች ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ግን እውነት የተሸከመ ሰው ማን ራስ ላይ እንደሚያወርደው አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ድምፄ ዝቅ ብሏል። «ገባችሁ?» ከማለቴ በፊት ከፊቴ ያሉትን ፊቶች አያለሁ።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ላምባ ማባከን አያስፈልጋችሁም። ነገ ጠዋት፣ ከምትጠጡት ውሃ አጠገብ ቁሙ፤ ምንጭም ይሁን ጉድጓድ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ዳገቱ አዙሩና ወደ ላይ ተራመዱ። እኛ ሳናውቅ ውሃ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ እናንተ ያንን መንገድ ወደ ኋላ ሂዱት። በመንገዳችሁ የአንድ ሰው ሽንት ቤት ካገኛችሁ በሩን አንኳኩ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ በዝግታ አናግሩት። ስትሄዱም አንድ እፍኝ አመድ ይዛችሁ ሂዱ።